ጠፍሩ የረገበ አልጋ፦ ስለ አሮጌ የቤት ዕቃ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

በዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች ውስጥ አሮጌ ዕቃን ስለ መግዛትና ስለ ማደስ የሚጠይቁትን አራቱን መርጠናል። የመጀመሪያው ብዙ ጉዳይ ስለሚያነሳ መልሱም ረዘም ብሏል።

ጥያቄ፦ «ካረፉት አያቴ የጠፍር አልጋ ወርሻለሁ። ለዓመታት ዕቃ ቤት ተዘግቶበት ስለቆየ ጠፍሩ መሃሉ ላይ ረግቧል፤ ዳር ዳሩን የተበጠሰም አለ። እግሮቹ ይወዛወዛሉ፤ በአንደኛው አግዳሚ ላይም ደቃቅ ቀዳዳዎች ይታያሉ። እናቴ ‹ትኋን አይጠፋውም› ብላ የፈላ ውኃ እንዳፈስበት ትመክረኛለች። የሰፈራችን አናጢ ደግሞ እግሮቹን በብረትና በብሎን አጥብቆ፣ እንጨቱን በማሽን ልጎ በቫርኒሽ ሊያንጸባርቀው ይፈልጋል። እኔ የምፈልገው ልተኛበት ነው። ማንን ልስማ?» (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ የሁለቱም ምክር ለሌላ ዕቃ ቢሆን ያስኬዳል፤ ለዚህ አልጋ ግን ሁለቱም ጉዳት አላቸው። ከእናትዎ ምክር እንጀምር። የፈላ ውኃ ትኋንን እንደሚገድል ጥርጥር የለውም፤ ትኋንም ሆነ እንቁላሉ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ የሆነ ሙቀት በደንብ ካገኘው አይተርፍም። ችግሩ ያለው ጠፍሩ ላይ ነው። ጠፍር ፀጉሩ ተፍቆ የደረቀ ጥሬ ቆዳ እንጂ የለፋ ቆዳ ስላልሆነ፣ ርሶ ሳለ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ሲል በድንገት ይኮማተራል፤ እየቆየም ወደ ሙጫነት ይለወጣል። እንዲህ የተኮማተረ ጠፍር ሲደርቅ እንደ ቀድሞው ጠንካራ አይሆንም፤ ሰው ሲቀመጥበት ይሰነጠቃል። ስለዚህ የፈላ ውኃ የሚፈቀደው ጠፍሩ በሙሉ ተፈትቶ ከወጣ በኋላ፣ በአግዳሚዎቹ ቀዳዳዎችና በመጋጠሚያዎቹ ላይ ብቻ ነው። ጠፍሩ የሚቀር ከሆነ ቀዳዳዎቹንና የጠፍሩን መደራረቢያ በጠንካራ ብሩሽ እየፈገፈጉ፣ በሳሙና ውኃ ነክረው በደንብ በጨመቁት ጨርቅ እየጠረጉ ያጽዱ። እንቁላል ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ስለሚፈለፈል ሥራውን በየሳምንቱ ለተወሰነ ጊዜ መደጋገም ያስፈልጋል። አልጋው ለወራት ማንም ሳይተኛበት መቆየቱ ብቻውን ዋስትና እንደማይሆንም ይወቁ፤ ያደገ ትኋን ደም ሳያገኝ ለብዙ ወራት ሊቆይ ይችላል።

ደቃቅ ቀዳዳዎቹ የነቀዝ መውጫዎች ናቸው። ቀዳዳ መኖሩ ነቀዙ ዛሬም በውስጡ አለ ማለት አይደለም፤ የምናየው ትሉ አድጎ ጥንዚዛ ከሆነ በኋላ ወጥቶ የሄደበትን በር ነው። ከአግዳሚው ሥር ጥቁር ጨርቅ አንጥፈው ለጥቂት ሳምንታት ይተዉት። ፈዘዝ ያለ አዲስ ዱቄት ከወረደ ነቀዙ በሕይወት አለ፤ ምንም ካልወረደና የቀዳዳዎቹ ጠርዝ ጠቁሮ ከሆነ ግን ጉዳዩ ያለፈ ስለሆነ መድኃኒት አያስፈልገውም። ነቀዙ ካለ፣ ቫርኒሽ ላልተቀባ እንጨት በውኃ የሟሟ ቦራክስና ቦሪክ አሲድ በብሩሽ ደጋግሞ መቀባት ይረዳል፤ መድኃኒቱ ጠልቆ የሚገባው እንጨቱ ራቁቱን ሲሆን ብቻ ነውና። በዚህ ጊዜም ጠፍሩ እንዳይርስ ይጠንቀቁ። የእግሮቹን ጫፍ ደግሞ ለየብቻ ይመርምሩ፤ በአፈር ወለል ላይ የኖረ አልጋ ምስጥ የሚገባው ከታች ነው። በወስፌ ወጋ ሲያደርጉት ያለ ችግር የሚሰምጥ ከሆነ የበሰበሰው ጫፍ ተቆርጦ በዚያው ዓይነት እንጨት መቀጠል ይኖርበታል።

አሁን ወደ አናጢው እንመለስ። እግሮቹ የሚወዛወዙት መጋጠሚያው ስላለቀ ነው ብሎ ካሰበ አልጋውን በደንብ አላየውም። በጠፍር አልጋ ላይ ጠፍር መተኛ ብቻ አይደለም፤ አልጋውን አንድ ላይ አስሮ የሚይዘውም እሱ ነው። ከአንዱ አግዳሚ ወደ ሌላው የተወጠረው ጠፍር አግዳሚዎቹን ወደ ውስጥ ስለሚስባቸው፣ ጫፎቻቸው በእግሮቹ ቀዳዳ ውስጥ ተጨምቀው ይቀመጣሉ። ጠፍሩ ሲረግብ ያ ጭመቃ ይጠፋና እግሮቹ መጫወት ይጀምራሉ። ስለዚህ ብረትና ብሎን ከማስገባት በፊት ጠፍሩን መልሶ መወጠር ይቀድማል፤ አብዛኛው መወዛወዝ ያን ጊዜ ይቆማል። የሚቀር ክፍተት ካለ ከደረቅ ወይራ ወይም ከዋንዛ የተጠረበ ስስ ሽብልቅ ይበቃዋል። ብሎን ግን እንጨቱን በአንድ ነጥብ ላይ ቸንክሮ ስለሚይዘው፣ ጠፍሩ ሲወጠርና እንጨቱ በክረምትና በበጋ ሲያብጥና ሲኮማተር መሰንጠቅን ያስከትላል።

ጠፍሩን በተመለከተ፣ ጤነኛውን አይፍቱት። የተበጠሱትን ብቻ መቀጠል ይቻላል፤ ከግማሹ በላይ ከደረቀና ከተሰነጠቀ ግን ሙሉ በሙሉ መቀየር ይሻላል። ከመፍታትዎ በፊት አጠላለፉን ከላይም ከታችም ፎቶ ያንሡ፤ አጠላለፉ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ በኋላ ከማንም ጠይቀው ላያገኙት ይችላሉ። የአሮጌውን ስፋትና ውፍረት ለክተው ከከብት ቆዳ ያስቆርጡ። ረጅም ጠፍር የሚወጣው ቆዳውን ከዳር ጀምሮ እየዞሩ ወደ መሃል በመቁረጥ ነው፤ በዚህ መንገድ ከአንድ ቆዳ ብዙ ሜትር ሳይቀጠል ይገኛል። በገበያ የሚገኘው ቆዳ ብዙ ጊዜ በጨው የቆየ ስለሆነ ውኃውን ደጋግመው እየቀየሩ ያጥቡት፤ ጨው የቀረበት ጠፍር እርጥበት ከአየር እየሳበ በክረምት ይልወሰወሳል፣ ሚስማር ካለም ያዝገዋል። ከዚያ ውስጡ ድረስ እስኪለሰልስ በቀዝቃዛ ውኃ ይዘፍዝፉት። አንድ ሌሊት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ መሽተት ይጀምራል። የሚጠፈረው እርጥቡን ነው፤ ሲጠፍሩም በሙሉ ኃይል አይሳቡት። ጠፍር ሲደርቅ በራሱ ስለሚያጥር፣ እርጥቡን ከልክ በላይ የወጠረ ሰው አግዳሚው ሲጎብጥ ወይም የእግሩ ቀዳዳ ሲሰነጠቅ ያገኘዋል። በእጅ ሲጫኑት በመጠኑ ዝቅ የሚል ሆኖ ይተዉት፤ በጥላና ነፋስ በሚያገኝበት ቦታም ቀስ ብሎ ይድረቅ። በፀሐይ ከደረቀ ላዩ ቀድሞ ስለሚኮማተር ይሰነጣጠቃል።

ማሽን መላጊያና ቫርኒሽ በዚህ አልጋ ላይ ቦታ የላቸውም። የእንጨቱ ጥቁረት የጭስ፣ የእጅና የዓመታት ውጤት ነው፤ አንዴ ከተላገ በኋላ የትኛውም ቀለም አይመልሰውም። የሚያንጸባርቅ ቫርኒሽ የተቀባ የጠፍር አልጋ በየሆቴሉ አዳራሽ እናያለን፤ ለእኔ ካለፈው ሳምንት ሥራ የሚለይበት ነገር የለውም። እንጨቱን በለብ ያለ ውኃ በራሰና በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ጠርገው፣ ከደረቀ በኋላ የንብ ሰም ስስ አድርገው ይቀቡትና በሱፍ ጨርቅ ይሹት። ሰሙን ለማቅጠን አንድ እጅ ሰም ከሦስት እጅ ተርፐንታይን ጋር ይቀላቀላል፤ ሰሙን የሚያቀልጡት የፈላ ውኃ ባለበት ድስት ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ይሁን፤ ተርፐንታይኑንም ከእሳት ርቀው ይጨምሩ።

መተኛቱን በተመለከተ፣ በአዲስ ጠፍር ከተጠፈረ አልጋው የተሠራው ለዚሁ ስለሆነ ምንም አያሳስብዎ። አሮጌውን ጠፍር በከፊል ካቆዩት ግን በአግዳሚዎቹ ላይ የሚያርፍ ኮምፔንሳቶ አስቆርጠው ፍራሹን በእሱ ላይ ያድርጉ፤ ክብደትዎ በእንጨቱ ላይ ያርፍና ጠፍሩ ይቆያል።

ጥያቄ፦ «ከቁራሌ አንድ ቁም ሣጥን ገዛሁ። ሻጩ ‹ከፒያሳ ከፈረሰ ቤት የወጣ የጣሊያን ጊዜ ዕቃ ነው› ብሎ ዋጋውን ከፍ አድርጎብኛል። የበሩ ስስ ልባጥ አንዳንድ ቦታ ተነሥቷል፣ ላዩም ደብዝዟል። በእርግጥ የጣሊያን ጊዜ ነው? እንዴትስ ላድሰው?» (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት በፒያሳና በአካባቢው ብዙ አሮጌ ቤቶች ስለፈረሱ፣ ከዚያ የወጣ ዕቃ በገበያ መኖሩ እውነት ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ከየትም የመጣ ቁም ሣጥን «የፒያሳ» እየተባለ ነው የሚሸጠው። ወሬውን ይተዉትና ዕቃውን ራሱን ይጠይቁት። ሣጥኑን ከግድግዳ አርቀው ጀርባውንና የመሳቢያዎቹን ሥር በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ፤ ሠሪዎች ፊት ለፊቱን ሲያሳምሩ ጀርባውን ስለሚተዉት ዕድሜ የሚነበበው ከኋላ ነው። ቺፑድ (ከእንጨት ስብርባሪና ከኮላ ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ) ካዩ ነገሩ አበቃ፤ ቺፑድ በፋብሪካ በብዛት መመረት የጀመረው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አካባቢ በመሆኑ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣሊያን ወረራ ዘመን በአዲስ አበባ ቁም ሣጥን ውስጥ ሊገኝ አይችልም። ፎርማይካ የተለበጠ የቤት ዕቃም ቢሆን የተስፋፋው ከጦርነቱ በኋላ ነው። በመስቀል ካቻቢቴ የሚፈታ ብሎንም ወደ ገበያ የገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1936 ጀምሮ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ሲሠራ የገባ ብሎን እንደዚያ ከሆነ ያጠራጥራል። ይሁንና ማጠፊያ በየጊዜው ስለሚቀየር አንድ ብሎን ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ በብሎኑ አናት ዙሪያ ያለው ቀለምና አቧራ ሳይነካ የቆየ መሆኑን ይመልከቱ። በእጅ የተቆረጠ የመሳቢያ ጥርስ ስፋቱ ከአንዱ አንዱ በጥቂቱ ይለያያል፤ የማሽኑ ግን እኩል ነው። በሻይ ወይም በጫማ ቀለም የጠቆረ አዲስ እንጨት ደግሞ እጅ በማይደርስበት ጥግ ሳይቀር እኩል ይጠቁራል፤ እውነተኛ አገልግሎት ግን የሚያጠቁረውና የሚያሟልጨው መያዣውን፣ የበሩን ጠርዝና የእግሩን ፊት ብቻ ነው።

ለእድሳቱ፣ በመጀመሪያ የላዩን ቅብ ማንነት ይለዩ። በማይታይ ቦታ ላይ በጥጥ አንድ ጠብታ ንጹሕ አልኮል ያድርጉ። ቅቡ ከተጣበቀና ከለሰለሰ ሼላክ (በአልኮል የሚሟሟ የተፈጥሮ ሙጫ ቅብ) ነው፤ ሼላክ ደግሞ መፋቅ ሳያስፈልገው በአልኮል የሟሟ አዲስ ሼላክ ስስ አድርጎ በመደረብ ይታደሳል፤ አዲሱ አሮጌውን አለስልሶ ከእሱ ጋር ይዋሃዳልና። አልኮል ካልነካው በቲነር ይሞክሩ፤ በቲነር ከሟሟ የናይትሮ ላኬር ነው። ሁለቱም ካልነኩት ዘግይቶ የተቀባ ቫርኒሽ ሊሆን ስለሚችል፣ ንጹሕ ጨርቅና ሰም ይበቃው እንደሆነ ከመፋቅ በፊት ይሞክሩ። የድሮ ልባጥ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ በማሽን የሚያለሰልስ ሰው በደቂቃ ውስጥ በስቶት ከሥሩ ያለውን እንጨት ያወጣዋል። የተነሣውን ልባጥ ለማስተኛት፣ አሮጌ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ከቆዳና ከአጥንት በተቀቀለ ኮላ የተለጠፈ ስለሆነ፣ እርጥብ ጨርቅ ደርበው በመጠኑ የሞቀ ካውያ ለአጭር ጊዜ ያስነኩት፤ ኮላው በሙቀትና በእርጥበት ይለሰልስና እንደገና ይይዛል። ወዲያው ፕላስቲክ ደርበው ጠፍጣፋ እንጨት ያስቀምጡና እስኪደርቅ በሞርሳ ይያዙት። አቧራ ከገባበት ወይም ኮላው ካለቀ ጥቂት ነጭ ኮላ በሲሪንጅ ያስገቡ። ላዩ ሼላክ ከሆነ ግን ካውያው ነጭ ጠባሳ ስለሚተውበት፣ የሲሪንጁን ዘዴ ይምረጡ።

ውስጡን የተልባ ዘይት ለመቀባት ካሰቡ ያገለገለውን ጨርቅ ጠቅልለው አይጣሉት። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያወጣ የተጨማደደ ጨርቅ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ዘርግተው ውጪ ያድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ይክተቱት።

ጥያቄ፦ «ከዓመታት በፊት ከጅማ ያመጣሁት ባለ ሦስት እግር በርጩማ እዚህ ከደረሰ በኋላ በመጀመሪያው ክረምት ከመቀመጫው ጠርዝ እስከ መሃሉ ተሰነጠቀ። ልሙላው? በሚቀጥለው ጉዞዬ አሮጌ የሆነ ሌላ መግዛትም እፈልጋለሁ።» (ከሚኒሶታ)

መልስ፦ ስንጥቁ የሠሪው ጥፋት አይደለም። የጅማ በርጩማ እግሩም መቀመጫውም ከአንድ ግንድ፣ ብዙ ጊዜም ከዋንዛ፣ ተፈልፍሎ የሚወጣ እንጂ የተገጣጠመ አይደለም። እንጨት ሲደርቅ በዓመታዊ ቀለበቶቹ አቅጣጫ የሚኮማተረው ከመሃል ወደ ውጪ ባለው አቅጣጫ ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ስለሆነ፣ የግንዱን እምብርት የያዘ ዕቃ ጭንቀቱን የሚያወጣው ከጠርዝ ወደ መሃል በመሰንጠቅ ነው። በክረምት በማሞቂያ የሚሞቅ የሚኒሶታ ቤት የአየሩ እርጥበት ከ30 በመቶ በታች ይወርዳል፤ በርጩማው ደግሞ እርጥበት ከሚበዛበት አገር የመጣ ነው።

አይሙሉት። በጠንካራ መሙያ ወይም በኮላ ከደፈኑት፣ በጋ ሲመጣና እንጨቱ ሲያብጥ መሙያው እንደ ሽብልቅ ሆኖ ሌላ ስንጥቅ ይከፍታል። በርጩማውን ከማሞቂያው አርቀው ያስቀምጡ፤ የቤቱን እርጥበት ከ40 እስከ 55 በመቶ ማድረስ ከቻሉ ስንጥቁ በራሱ ይጠባል፤ ሙሉ በሙሉ ባይዘጋም አይሰፋም። በጅማ ሙዚየም የዳግማዊ አባ ጅፋርን የእንጨት ወንበሮችና ሌሎች ዕቃዎች የጎበኘ ሰው ስንጥቅ ለዕቃው ሞት እንዳልሆነ ያያል።

ስለ አዲሱ ግዢ፣ ለገበያ በቅርቡ የተሠራ በርጩማና አሮጌ ዕቃ አንድ አይደሉም። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ስለማይወጣ፣ አሮጌ መሆኑ ለሚታይ ዕቃ ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ሳይዙ አውሮፕላን ማረፊያ አይሂዱ፤ ፈቃዱን ከመውጫዎ ዋዜማ ሳይሆን አስቀድመው ይጠይቁ። ሻጩ «ይህ ፈቃድ አያስፈልገውም» ቢልዎ ቃሉ በፍተሻው ላይ ዋጋ የለውም። አሜሪካ ሲገቡም የእንጨት ዕቃ መያዝዎን ማሳወቅ ይኖርብዎታል፤ ቅርፊት የቀረበት ወይም ነቀዝ ያለበት ዕቃ ሊያዝ ይችላል። የነቀዝ ጥርጣሬ ካለዎት ቤትዎ እንደደረሱ በርጩማውን በፕላስቲክ አየር እንዳያስገባ አድርገው ጠቅልለው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ለሁለት ሳምንት ያቆዩት፤ ሲያወጡትም ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ አይፍቱት፤ አለበለዚያ የሚፈጠረው ጤዛ በእንጨቱ ላይ ያርፋል።

ጥያቄ፦ «አያቴ በምድር ባቡር ሠራተኛነታቸው ዘመን ይዘውት ይጓዙ የነበረ የቆዳ ሻንጣ አገኘሁ። ሻጋታ ይሸታል፣ ቆዳው ሲነካ ቀይ ዱቄት ያወርዳል፣ ቁልፉም ጠፍቷል። ቅቤ ብቀባው ይለሰልሳል?» (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ቅቤም፣ የምግብ ዘይትም፣ ቫዝሊንም አይቀቡት። ቅቤና የምግብ ዘይት ውለው አድረው ይገማሉ፣ አቧራ ይይዛሉ፣ አይጥና ነፍሳትንም ይጠራሉ። ቫዝሊን ባይገማም እየተጣበቀ አቧራ ይሰበስባል፤ ቆዳውንም ያጠቁራል። ቀይ ዱቄት የሚያወርድ ቆዳ በውስጡ በተጠራቀመ አሲድ የተበላ ስለሆነ በቅባት አይመለስም፤ የሚቻለው ጉዳቱ የደረሰበትን ክፍል በቆዳ ማጠንከሪያ ፈሳሽ አጥብቆ መያዝ ነው። ማጠንከሪያውን ካላገኙ በእጅ ብዙ ሳይነኩት፣ በውኃም ሳያጥቡት በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው ማስቀመጥ ይሻላል። ዱቄት የማያወርደውን ክፍል በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉት።

ለሽታው፣ ሻንጣውን ከፍተው ነፋስ ባለበት ጥላ ለጥቂት ቀናት ያቆዩት፤ ሻጋታውን ሲጠርጉ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፤ ሥራውም ውጪ ይሁን። ከዚያ ደረቅ ከሰል በጨርቅ ቋጥረው ውስጡ ያስቀምጡና ይዝጉት፤ ሽታው እስኪጠፋም ከሰሉን ይቀያይሩ። በውስጡ የተለጠፈውን ወረቀት ቢቀደድም አይላጡት፤ የባቡር ኩባንያ መለያ ወረቀት፣ የጣቢያ ስም ወይም የአያትዎ ጽሕፈት ካለ የሻንጣውን ዘመን የሚነግርዎ እሱ ነው። የድሬዳዋ መስመር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ጀምሮ ለአሥርታት ስለሠራ፣ ያለዚህ ምልክት ዘመኑን በግምት መናገር አይቻልም።

ቁልፉን ለማስከፈት ማንም በካቻቢቴ እንዲፈነቅለው አይፍቀዱ። የአሮጌ ሻንጣ ቁልፍ አሠራሩ ቀላል ስለሆነ ቁልፍ ሠሪ ከቀዳዳው ቅርጽ ተነሥቶ ሊያወጣለት ይችላል። ከመሞከሩ በፊት ግን አንድ ጠብታ የማሽን ዘይት በቀጭን ሽቦ ያስገቡ፤ ዘይቱ ወደ ቆዳው እንዳይፈስ ደግሞ ከቁልፉ ሥር ወረቀት ይደልድሉ።